የማኅበራችን ሙሴ

ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ለቅሶ ሰበታ ሄጄ ስመለስ፣ ታክሲው እስኪሞላ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ ወጣቶች በኤሌክትሪክ መጋዝ ባሕር ዛፍ ይሰነጥቃሉ። የትኩሱ ሳንቃ ሽታ፣ ያ እርጥብና ጉሮሮ ድረስ የሚገባ ሽታ፣ ሲደርሰኝ ባለሁበት ቀረሁ።

አጠገቤ የቆመች ወጣት፣ "እማማ፣ አመመዎት እንዴ?" አለችኝ።

"የለም ልጄ፣ አንድ ሰው ትዝ ብለውኝ ነው" አልኳት።

ሁለት ታክሲ ሞልቶ ሄደ። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ትዝ ያሉኝ ኦቦ ደበሌ ናቸው። በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከሰበታ ዳር ከጫካው ሥር ሳንቃ ይሰነጥቁ ነበር። ግንዱ ከፍ ባለ የእንጨት መደብ ላይ ይጋደማል፤ አንድ ሰው ከላይ አንድ ሰው ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ ይጎትታሉ። ኦቦ ደበሌ ሁልጊዜ ከታች ናቸው። ብናኙ የሚወርደው ከታች ባለው ሰው ላይ ስለሆነ ቅንድባቸው እስከ ማታ ቢጫ ነው። መጋዙም መደቡም የራሳቸው ሆኖ ሳለ ተቀጣሪያቸውን ለምን ከላይ እንደሚያቆሙት አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"ከላይ ያለው ሰው መስመሩን ማየት አለበት። የእሱ ዓይን ከእኔ ዓይን ይሻላል" አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ልጅ ሆኜ የማላምነው ነገር ብዙ ነበር፤ የማምነው ደግሞ ከዚያ የባሰ።

አባቴ ከመንዝ የመጣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። እናቴ የዚያው የሰበታ ልጅ ናት፤ አያት ቅድመ አያቶቿ እዚያው አርሰው የኖሩ። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ ስትቆጣ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አባቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበር። አሥራ ሁለት አባወራዎች ወር በገባ በአሥራ ሁለት ቀን በየተራ ቤት ይሰበሰባሉ። ጸሎት ይደረሳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጽዋው ይዞራል፤ የታመመ ይጠየቃል፣ የተጣላ ይታረቃል። በጽዋ ማኅበር ደንብ መሪው "ሙሴ" ይባላል። ይህን ዛሬ አውቀዋለሁ። ያኔ አላውቅም ነበር፤ የዚያ ክረምት ነገር ሁሉ የተነሣውም ከዚህ አለማወቄ ነው።

የሰኔ ሚካኤል ተራው የእኛ ነበር። ጠዋት እናቴ እንስራ በግራዋ እያጠበች፣ "ግቢውን ደህና አድርገሽ ጥረጊ፤ ዛሬ ሙሴ ይመጣሉ" አለችኝ።

"የትኛው ሙሴ?"

"ስንት ሙሴ አለ?" አለችና እንስራውን ገለበጠችው።

እኔ የማውቀው አንድ ሙሴ ነበር። ፊደል በምንቆጥርበት በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ግድግዳ ላይ የተሳለው። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ ነጭ ጺሙ ደረቱ ድረስ ወርዷል፤ በአንድ እጁ ጽላት፣ በሌላው በትር ይዟል፤ ከእግሩ ሥር ከዓለት ውስጥ ውሃ ይፈልቃል። ባሕር የከፈለው እሱ መሆኑን መምህራችን የኔታ ነግረውናል። እናቴ "ይመጣሉ" ማለቷ ለነቢይ የሚገባ አክብሮት መሰለኝ።

ግቢውን ከወትሮው ሁለት ጊዜ ጠረግኩና በሩ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። መጀመሪያ የኔታ መጡ፤ የማኅበሩ ካህን እሳቸው ናቸው። ከዚያ ግራዝማች አየለ በበቅሎ መጡ። ከዚያ ኦቦ ደበሌ ቅንድባቸውን ታጥበው፣ ከኋላቸው ጋሽ ወልዴ ሸማኔው። ጋሽ ወልዴ ለማኅበሩ አዲስ ነበር። ያስገቡት ኦቦ ደበሌ ናቸው፤ ግራዝማች "ሸማኔ ደግሞ ከመቼ ወዲህ?" ብለው ነበር አሉ። ማኅበርተኞቹ ተሟልተው ገቡ። ጽላት የያዘ ሰው ግን አልመጣም።

ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ ሆኜ ብዙ ነገር ሰማሁ። "ሙሴ ይናገሩ" ይላሉ። "ይህ የሙሴ ድርሻ ነው" ይላሉ። ቀዳዳ ፈልጌ ሳይ የታየኝ ኦቦ ደበሌ በሩ አጠገብ ከጋሽ ወልዴ ጎን ተቀምጠው፣ ጽዋው ሁሉንም አዳርሶ መጨረሻ ላይ ሲደርሳቸው ነው። ከሁሉ በኋላ መጠጣታቸው አሳዘነኝ። ረስተዋቸው መሰለኝ።

ማታ እናቴን፣ "ሙሴ ቀሩ?" አልኳት።

"መጥተዋል እንጂ! በሩ ላይ ተጎልተሽ አልነበር? ዓይንሽ የት ሄዶ ነው?"

የኔታ አንድ ጊዜ፣ ማኅበር ሲቀመጥ ቅዱሳንም አብረው ይቀመጣሉ፤ እኛ ግን አናያቸውም ብለውን ነበር። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ። ሙሴ መጥቷል፣ ተናግሯል፣ ድርሻውን በልቷል፤ እኔ ግን ገና ልጅ ስለሆንኩ አይታየኝም።

በሐምሌ መጀመሪያ ወንዙ ሞልቶ የእንጨቱን ድልድይ ወሰደው። እኛም ቤተ ክርስቲያኑም ከወንዙ ወዲህ ነን፤ ገበያውና ወፍጮው ግን ወዲያ ማዶ ነው። አንዲት ሴት ዱቄቷን ተሸክማ በእግሯ ልትሻገር ስትሞክር ውሃው ጣላት፤ ከታች ካለው ሾላ ሥር ተጠላልፋ ነው በሕይወት የወጣችው። በማግሥቱ አባቴ ከማኅበሩ ስብሰባ ሲመለስ፣ "ሙሴ ድልድዩን እኛው እንሥራው አሉ። ወረዳውን ብንጠብቅ ሰው ያልቃል አሉ" ብሎ ለእናቴ ነገራት።

"አባባ፣ ወንዙን ለምን አይከፍሉትም?" አልኩት።

አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እየቀለድኩ መስሎት ለእናቴ ደገመላት፤ እሷም ሳቀች። የሚያስቅ ነገር አልታየኝም። ባሕር ከፍሎ ወንዝ ያቃተው ለምንድን ነው ብዬ ያን ቀን ሙሉ አሰብኩ።

ግንዶቹን የሰጡት ኦቦ ደበሌ ናቸው። ዝናብ በሚያቋርጥባቸው ሰዓታት ማኅበርተኞቹ ከጫካው ሥር እያንከባለሉ ወንዙ ዳር አደረሷቸው። ግንዱን ማዶ ለማድረስ ሁለት ወፍራም ገመድ ታስሮ በእያንዳንዱ ገመድ አራት አራት ሰው መቆም ነበረበት። ጋሽ ወልዴ ከላይኛው ገመድ ሰዎች አንዱ ነው።

ግንዱ በሚዘረጋበት ዕለት ጠዋት የፊደል ገበታዬን ይዤ ወደ የኔታ ስሄድ፣ ጋሽ ወልዴ ከቤቱ ሮጦ ወጣ። ነጠላው ከትከሻው ወርዶ መሬት ይጎተታል።

"ብርቄ! ወደ ቤተ ክርስቲያን ነሽ?"

"አዎ።"

"እንግዲያ በዚያው አድርጊና ለሙሴ ንገሪልኝ። ዘነበች ምጥ ላይ ናት፤ ከሌሊት ጀምሮ ነው፤ አዋላጅ ልጠራ እየሄድኩ ነው። ዛሬ ገመዱ ላይ በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይቁም በይልኝ። አትርሺ!"

አልረሳሁም። እንደዚያ ያለ መልእክት በሕይወቴ ተሰጥቶኝ አያውቅም። እንዳይጠፋብኝ መንገዱን ሙሉ እየደጋገምኩ ሄድኩ። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ልጆቹ ገና አልመጡም። ገበታዬን መሬት አስቀምጬ ሥዕሉ ፊት ቆምኩና ተሳለምኩ። ከዚያ፣ "እትዬ ዘነበች ምጥ ላይ ናት። ጋሽ ወልዴ አዋላጅ ሊጠራ ሄዷል። ዛሬ ገመዱ ላይ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ይቁም ብሏል" አልኩት።

ሙሴ በትልልቅ ዓይኖቹ አየኝ። ሁልጊዜም ያያል፤ ያን ቀን ግን እሺ ያለኝ መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ከወንዙ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሮጬ ቤት ስደርስ አራት ሰዎች አባቴን ሳንቃ ላይ አጋድመው በሩ ላይ ደርሰዋል። ፊቱ አመድ መስሏል። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል።

እናቴ፣ "ማል ታኤ? ምን ሆነ? ማል ታኤ?" እያለች ተከተለቻቸው።

የሆነው ይህ ነው። ሰማዩ እየጠቆረ፣ ውሃው እየጨመረ ነበር። ጋሽ ወልዴን ጠበቁት፤ ቀረ። ኦቦ ደበሌ፣ "ውሃው ሳይብስብን በሦስት ሰው እንጀምር" አሉ። ግንዱ ግማሽ ወንዝ ላይ ሲደርስ ላይኛው ገመድ የያዙት ሦስቱ አቃታቸው፤ ግንዱ ዞሮ ወደ ዳር ተንሸራተተ፤ አባቴ ዳር ላይ ጫፉን ሲገፋ ነበርና ከሥሩ ዋለ። ወጌሻው መጥቶ እግሩን ሲያቃና እኔን ጎረቤት ወሰዱኝ። ቢሆንም ሰማሁ።

እናቴ ያን ሳምንት የጋሽ ወልዴን ስም በቤታችን ውስጥ ማንም እንዲጠራ አልፈቀደችም። እትዬ ዘነበች ወንድ ልጅ ወልዳ ደክማ መተኛቷ ሲወራ እንኳ እናቴ ገንፎ ይዛ አልሄደችም። ከማኅበሩም ማንም አልሄደም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጀ ሰላሙ ሲወጣ ጋሽ ወልዴ መጣ። እንቅልፍ ያጣ ፊት ነበረው። ወደ ኦቦ ደበሌ ሄዶ እጅ ሊነሣ ጎንበስ ሲል፣ እሳቸው በእጃቸው የሳንቃ መለኪያ ዘንጋቸውን ይዘው ነበር።

"ሰው እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል። አንተ የት ነበርክ?" አሉት።

"መልእክት ልኬልዎ ነበር ኦቦ። አልደረሰዎትም?"

"ማንን ነው የላክኸው?"

ጋሽ ወልዴ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዓይኑ በሰው መሃል አልፎ እኔ ላይ አረፈ። የእናቴን ቀሚስ ይዤ ቆሜያለሁ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ቁጣ አልነበረበትም። ሲያስብ ነበር።

"ማንን ላክህ ነው የምልህ?"

"ተዉት ኦቦ" አለ። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ኦቦ ደበሌ ዘንጉን አነሡና ትከሻውን መቱት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድምፁ ግን እንጨት እንጨትን ሲመታ እንደሚሰማው ነበር። ግራዝማች አየለ፣ "እንዲህ ነው" አሉ። ጋሽ ወልዴ ነጠላውን አስተካክሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ መልእክቱን አድርሻለሁ። ይህን በደንብ አውቃለሁ። የቀረው የሙሴ ሥራ ነው። ታዲያ ሙሴ ለምን ለሰዎቹ አልነገራቸውም? ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ተመልሼ ሥዕሉ ፊት ቆምኩና፣ "ነግሬህ አልነበር?" አልኩት። እንደ ሁልጊዜው አየኝ። ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። ፍርሃቱ ምን እንደሆነ ግን ስም አልነበረውም።

ነሐሴ ሲገባ የፍልሰታ ጾም ተያዘ። የልጆች ጾም ነው፤ ነጭ ለብሰን ጠዋት ማታ ከቤተ ክርስቲያን አንጠፋም፤ በአሥራ ስድስተኛው ቀን እንቆርባለን። የነሐሴ ሚካኤል ማኅበር ሲሰበሰብ የጋሽ ወልዴ ቦታ ባዶ እንደነበር አባቴ ከተኛበት ሆኖ ከጠያቂዎቹ ሰማ። "ኦቦ ደበሌ እህልም አልቀመሱም" አሉት። አባቴ ወደ ጣራው አየ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን የኔታ ከትምህርት በፊት ስለ ሥዕሉ ነገሩን። ሕዝቡ በምድረ በዳ ተጠምቶ ሲያጉረመርም፣ እግዚአብሔር ሙሴን ዓለቱን ተናገረው እንዳለው፤ ሙሴ ግን ተቆጥቶ በበትሩ እንደመታው፤ ውሃው ቢፈልቅም እሱ ወደ ተስፋይቱ ምድር እንዳልገባ፣ ከተራራ ላይ ሆኖ አይቷት ብቻ እንደሞተ።

እኔ ከዚያ በፊት ሙሴ ዓለቱን የመታው ጎበዝ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

"አንዴ ስለመታ ብቻ?" አልኳቸው።

"ሕዝቡ እግዚአብሔርን የሚያውቀው በመሪው ፊት ነው" አሉ የኔታ። "እሱ ሲቆጣ፣ ሕዝቡ እግዚአብሔር የተቆጣ ይመስለዋል። ስለዚህ በሌላ ሰው የሚታለፍ ነገር በእሱ አልታለፈም።"

"የኔታ፣ ሙሴ መልእክት ሲነግሩት ለምን ለሰው አያደርስም?"

"ማን የነገረው?"

"እኔ። ጋሽ ወልዴ ለሙሴ ንገሪ ብሎኝ፣ እዚሁ ነግሬው ነበር።"

የኔታ ጭራቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ልጆቹ እንዲያነቡ አዘዙና እኔን አስጠግተው፣ ቀስ ብለው፣ "ብርቄ፣ ጋሽ ወልዴ የላከሽ ለማኅበሩ ሙሴ ነው። የማኅበሩ ሙሴ ደግሞ ኦቦ ደበሌ ናቸው" አሉኝ።

ኦቦ ደበሌ! ከታች ሆነው ብናኝ የሚጠጡት፣ ጽዋ መጨረሻ የሚደርሳቸው ሰውዬ! ከዚያ ቀጥሎ የአባቴ እግር መጣብኝ። ከዚያ የዘንጉ ድምፅ። ስም ያልነበረው ፍርሃት ስሙ ተገኘ።

"እኔ ልንገርልሽ?" አሉኝ የኔታ።

"አይ" አልኩ። ለምን አይ እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት መልእክቱ የተሰጠው ለእኔ ስለነበር ነው።

ኦቦ ደበሌ መጋዙ ሥር ነበሩ። ስጠራቸው ከላይ ያለው ሰው መጎተቱን አቆመ፤ እሳቸው ቅንድባቸውን እየጠረጉ ወጡ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አባትሽ ደህና አይደለም?"

"ደህና ነው። ጋሽ ወልዴ የላከው እኔን ነው።"

"ማል ጄቴ? ምን አልሽ?"

እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ሙሴ እሳቸው መሆናቸውን አለማወቄን፣ ለሥዕሉ መንገሬን፣ ሁሉንም። አልተቆጡኝም። አልሳቁብኝም። መጋዙን አንሥተው መደቡ ላይ አስተካክለው አስቀመጡና፣ "ነይ፣ የነገርሽበትን ቦታ አሳዪኝ" አሉኝ።

አብረን ሄድን። ደጀ ሰላሙ ባዶ ነበር። ሥዕሉ ፊት ደርሰን ቆምን።

"እዚህ ጋ ነው የቆምሽው?"

"እዚህ ጋ።"

"ምን አልሽው? እንዳልሽው አድርገሽ በይልኝ።"

"እትዬ ዘነበች ምጥ ላይ ናት" አልኩ። "ጋሽ ወልዴ አዋላጅ ሊጠራ ሄዷል። ዛሬ ገመዱ ላይ በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ይቁም ብሏል።"

ኦቦ ደበሌ የተጠመጠሙትን ነጠላ ከራሳቸው አወረዱ። ብናኙ ረገፈ። "ሰማሁ" አሉ።

ለእኔ ይሁን፣ ለጋሽ ወልዴ፣ ወይስ ግድግዳው ላይ ላለው፣ አላወቅኩም። ከዚያ፣ "አንቺ አደራሽን ተወጥተሻል። መልእክቱ የተላከለት ሰው ነው እቤቱ ያልተገኘው" አሉኝና የኔታን ፍለጋ ሄዱ።

በማግሥቱ አባቴ ጋ መጡ። የኔታና ግራዝማች አየለም ነበሩ። አባቴ እግሩ በሸምበቆ ታስሮ ተደግፎ ተቀምጧል። ኦቦ ደበሌ ስሜን ሳይጠሩ ነገሩት፤ "መልእክቱ ተልኮ ነበር፣ እኔ ጋ ሳይደርስ ቀረ" ብቻ አሉ። እኔ ግን ከመጋረጃው ወጥቼ፣ "እኔ ነኝ ያላደረስኩት" አልኩ። አባቴ ጠራኝና ጎኑ አስቀመጠኝ፤ እጁን አናቴ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

ኦቦ ደበሌ፣ "ለመቁረብ እየጾምኩ ነው። ወንድሜን መትቼ፣ እሱ ቤቱ ተቀምጦ፣ እኔ ወደ መቅደሱ አልቀርብም። ነገ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቀው ነው" አሉ።

ግራዝማች ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። "የማኅበር ሙሴ ድንጋይ ተሸክሞ ሸማኔ ደጅ? ነገ ማን ይፈራዎታል? ሰው ልከው ይቅርታ ይባል፤ በቂ ነው።"

"ሰው ልኬ አልመታሁትም" አሉ ኦቦ ደበሌ።

"ልጅቷ ናት ያጠፋችው።"

"ልጅቷ ልጅ ናት። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። አንድ ሰው ሲቀር ወደ ቤቱ ሰው ልኬ ምን ሆነ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ሦስት ሰው አይበቃም ብዬ ማቆም እችል ነበር፤ ቸኮልኩ። የጸሐፊው እግር በእኔ ችኮላ ነው የተሰበረው። ከዚያ ያንን ቁጣ ወስጄ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አሳረፍኩት።"

አባቴ፣ "ኦቦ፣ እግሬ ይድናል" አለ። የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ደበሌ ከወንዙ ዳር ድንጋይ መረጡ። ትንሽ መስሎኝ ነበር የሚይዙት፤ ሰው የሚያደርገው ለወጉ ያህል ነው። እሳቸው ያነሡት ግን በሁለት እጅ የሚታቀፍ ነበር። ማጅራታቸው ላይ ጭነው፣ ጎንበስ ብለው፣ በመንደሩ መሃል ሄዱ። የኔታ ከጎናቸው ናቸው። እኔ ከኋላ ተከተልኩ። እናቴም ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ ከየደጁ ሰው እየወጣ ያያል። ዝናብ ያካፋ ነበር፤ ጭቃው ላይ ሁለት ጊዜ ሸርተት ሲሉ የሚደግፋቸውን ሰው በእጃቸው ከለከሉ።

ከጋሽ ወልዴ ቤት የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማል። በሩ ክፍት ነው። እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል፤ ከበስተኋላው እትዬ ዘነበች ሕፃኑን ታቅፋ ተቀምጣለች። ቀና ብሎ ሲያይ መወርወሪያው እጁ ላይ ቀረ።

"ኦቦ! ምን ነካዎት? ያውርዱት እባክዎ!"

"አላወርድም። መጀመሪያ ስማኝ" አሉ፣ ፊታቸው ወደ መሬት እንደሆነ። "ሚስትህ ምጥ ላይ ሆና አልጠየቅኩህም። ስትመጣ አልሰማሁህም። ልኬ ነበር ስትለኝ አላመንኩህም። በእግዚአብሔር ቤት በር ላይ መታሁህ። ይቅር በለኝ።"

ጋሽ ወልዴ ከጉድጓዱ ለመውጣት ተቸገረ፤ ክሩ እግሩን ያዘው። ወጥቶ ድንጋዩን ከማጅራታቸው ላይ አነሣ። ከባድ ስለነበር ወደ ደረቱ አስጠግቶ ይዞት ቆመ፣ የት እንደሚያስቀምጠው ያላወቀ ይመስል። "እግዚአብሔር ይቅር ይበለን" አለ።

"ማንን እንደላክህ ለምን አልነገርከኝም?" አሉት ኦቦ ደበሌ ቀና ሳይሉ።

ጋሽ ወልዴ በሩ ላይ አየኝ። "አባቷ ተሰብሮ ተኝቷል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እሷ ናት ብል፣ ይህች ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ ምን ይዛ ትኖራለች?"

ኦቦ ደበሌ ደጁ ላይ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አሉ። "ማኅበሩን የሚመራው እኔ ነኝ" አሉ፤ "ልጅቷን ያሰብካት ግን አንተ ነህ።"

እናቴ ያን ጊዜ አልፋ ገባች፤ ከእትዬ ዘነበች ሕፃኑን ተቀብላ ታቀፈችው። በዚያው ዕለት ገንፎ ይዛ ተመለሰች።

ድልድዩ ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ተሠርቶ አለቀ። ጋሽ ወልዴ ላይኛው ገመድ ላይ ነበር፤ ኦቦ ደበሌ ግን ሰዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ የጎደለ አለመኖሩን ጠይቀው ነው ጎትቱ ያሉት። ሙሴነቱን ለሌላ ሰው ላስረክብ ብለው ማኅበሩን ለምነው ነበር። አልተቀበሏቸውም፤ አባቴ እንደነገረኝ መጀመሪያ እንቢ ያሉት ግራዝማች አየለ ናቸው። በሙሴነታቸው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ግን ማኅበሩ ላይ የሚወሰን ነገር ሲኖር ሁሉ ከመወሰናቸው በፊት፣ "ያልሰማሁት ነገር ያለው ሰው አለ?" ይላሉ። ከዚያ ይጠብቃሉ። መጠበቃቸው ሰውን እስከሚያሰለች ድረስ ረጅም ነበር ይላል አባቴ። አንዳንዴ ማንም አይናገርም። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሰው ይናገራል ብሎ ያልጠበቀው፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ይናገራል።

የጋሽ ወልዴ ልጅ አርባ ቀኑ የሞላው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው። ከዚያ በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወልዴ መጋዙ ጋ ሄደ። እኔ የሳንቃ ቁራጭ እየለቀምኩ እዚያው ነበርኩ።

"ኦቦ፣ ልጁን ክርስትና ያንሡልኝ ብዬ ነው የመጣሁት" አላቸው።

ኦቦ ደበሌ መጋዙን ለቀቁት። የክርስትና አባት መሆን ዘመድ መሆን ነው፤ የሁለቱ ቤት ከዚያ በኋላ አንድ ቤት ነው። ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ራሳቸው አዩት፤ መዳፉ ተሰነጣጥቋል፣ አውራ ጣቱ ከድሮ ቁስል ጠምሟል።

"ወልዴ፣ በዚህ እጅ ነው የመታሁህ" አሉት።

"አውቃለሁ ኦቦ። በዚያው እጅ ይያዙልኝ።"

የክርስትናው ዕለት ቀድሜ ሄጄ ከፊት ቆምኩ፤ ማየት ፈልጌ ነበር። የኔታ ሕፃኑን ከውሃው አውጥተው ሲሰጧቸው ኦቦ ደበሌ በነጭ ነጠላ ተቀበሉት፤ ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተቀመጡም፣ ለማንም አላቀበሉም፣ ክንዳቸውን እንኳ አልቀየሩም። ሲያልቅ እትዬ ዘነበች መጥታ ልትቀበላቸው ሁለት እጇን ዘረጋች።

ኦቦ ደበሌ ልጁን እያዩ፣ "ትንሽ ቆዪ" አሏት። "ትንሽ ብቻ ቆዪ።"